ርእሰ መምህርቷ ግቢ የጠበቁልኝ ሰንበት

ለብዙ ዓመት የሠራሁበት የፕላስቲክ ፋብሪካ የተዘጋው ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ፣ ያውም ዕብራይስጡን እንደ ልጆቼ አቀላጥፎ ለማይናገር ሰው፣ ሌላ ሥራ ይገኛል ብዬ ተስፋ አላደረግኩም ነበር። ባለቤቴ ግን የሰው ፊት አትፈራም። በአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት አብራት የምትሠራ ሴት፣ በኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብ ባይት እንደሚፈልግ ነገረቻት። በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ ማለት ይቻላል።

አብ ባይት ቃል በቃል «የቤት አባት» ማለት ነው። የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ይይዛል፣ ጠዋት ከፍቶ ማታ ይዘጋል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ ኳስ ጣራ ላይ ሲቀር መሰላል ተሸክሞ ይመጣል። እኔ በአገሬ መምህር ነበርኩ። ጎንደር ውስጥ፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ገጠር፣ አንደኛ ደረጃ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ መመለሴ፣ መጥረጊያ ይዤም ቢሆን፣ ደስ አለኝ። ሌላው ነገር ሁሉ ቢለያይ የሕፃናት ጫጫታ በየትም አገር አንድ ነው።

ሥራው የማዘጋጃ ቤት ነው፤ እዚህ ዒሪያ እንለዋለን። የፈረምኩ ቀን የአብ ባይቶች ሁሉ ኃላፊ የሆነው ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ደንቡን አስረዳኝ። ረጅም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ እኔ እንድረዳው ብሎ ቃላቱን እየለያየ የሚናገር ሰው ነበር።

«ይሄ ትምህርት ቤት ከድሮዎቹ ነው» አለኝ። «ግቢው ውስጥ ለአብ ባይት የተሠራ ቤት አለው። ሥራውን የያዘ ሰው እዚያ ይኖራል። ሌላ ቦታ ሆኜ እየተመላለስኩ ልሥራ ማለት አይቻልም።»

«እሺ» አልኩት።

«ከግቢው ውጭ አታድርም። በሰንበትና በበዓል፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ለቀህ አትሄድም። የግድ መሄድ ካለብህ አስቀድመህ ትነግረኛለህ። ተተኪ ካገኘሁልህ ትሄዳለህ፣ ካላገኘሁ ትቀራለህ። ሥራውን ስትለቅ ቤቱንም ትለቃለህ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። እሱ ከሚያስበው በላይ ገብቶኛል። በደርግ ጊዜ በገጠር ያስተማረ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ እንደማይል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ለገበያ እንኳ ወደ ሌላ ወረዳ ለመሻገር የይለፍ ወረቀት የጠየቅንበት ጊዜ ነበር።

ማታ ዶራ ሰፈር ወደነበረው ፎቅ ቤታችን ስመለስ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ለባለቤቴ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«አገር ለቀን የመጣን ሰዎች አሁን ደግሞ ግቢ እንዳትለቁ ተባልን?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጥ አድርጋ፣ «ቤቱ ደጅ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደጅ ነበረው። ሁለት ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት ያለው፣ ጣራው ቀይ ሸክላ የሆነ፣ በግቢው ጀርባ ከጥዱ ሥር የተቀመጠ ቤት ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ከሄዱ ወዲህ ማንም ስላልገባበት ደጃፉን አረም ውጦታል። ባለቤቴ ክፍሎቹን እንኳ ሳታይ ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ዘገነች። ዶራ በነበርንባቸው ዓመታት ሁሉ የተከለችው ነገር በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ነበር። እዚህ በመጀመሪያው ክረምት ጎመንና ነጭ ሽንኩርት አበቀለች፤ በጋው ሲመጣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጤና አዳም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ትንሿ «ትምህርት ቤት ውስጥ የምትኖር ልጅ እባላለሁ» ብላ አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል ግን ሰፊው የስፖርት ሜዳ የእሷና የጓደኞቿ መሆኑን ስታይ ኩርፊያው ቀረ። ትልቋ ወታደር ነበረች። ዓርብ ዓርብ ቦርሳዋን ተሸክማ ስትመጣ ከጥዱ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ነበር። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፋስ ያለ ቀን ድምፁ ይሰማናል።

ያን ቤት ሳስብ ዛሬም የሚቀድመኝ ምስጋና ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት ተነሥቼ በባዶ እግሬ አፈር የረገጥኩት እዚያ ነው።

ቤቱ ግን ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውም ሰንበት ሰንበት፣ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ይመጣ ነበር። የእኛ ሰው፣ ከአገር ቤት የመጣው አይሁዳዊ፣ በመላው አገሪቱ የተበተነ ነው። ሠርጉ ሬሆቮት፣ ለቅሶው አፉላ፣ የግርዘቱ ድግስ ቤር ሸቫ። ሰው አውቶቡስ ተከራይቶ ይሄዳል፣ እዚያው ሰንበትን አድሮ ይመለሳል። እኔ እቀራለሁ። ኃላፊው ተተኪ ይፈልግልኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በሰንበት የሰው ግቢ ሊጠብቅ የሚፈልግ ሰው ከየት ይመጣል? ባለቤቴና ልጆቼ ይሄዳሉ፣ እኔ በስልክ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዘመድ ውስጥ «እሱ እኮ ታስሯል» እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ። አንድ የአጎቴ ልጅ ግን አልቀለደም፤ ሚስቱ ሞታ ለቅሶ ስላልደረስኩ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም።

ርእሰ መምህርቷን ያወቅኳቸው ቀስ በቀስ ነው። ሜናሄሌት እንላቸዋለን፤ ዋና አስተዳዳሪ ማለት ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፃቸው ከግቢው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሴት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው፣ አሁንም ስለ እሳቸው ስጽፍ እጄ ወደ አንቺ አይሄድልኝም። በመጀመሪያው ዓመት ያወራነው ስለ አምፖልና ስለ ሽንት ቤት ቧንቧ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ስማቸውን ሲጽፉ በመስኮት ቆሜ ሳይ አግኝተውኝ፣ «ምነው?» አሉኝ። መምህር እንደነበርኩ ነገርኳቸው። «ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት በሩ ላይ ሲያልፉ ዝም ብለው «ሻሎም» አይሉም፤ ቆም ይላሉ።

እናቴ ሩቅ፣ በደቡብ ባለችው ቤር ሸቫ ነበረች፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ያረጀች፣ ዓይኗ የደከመ፣ ጆሮዋ ግን ሹክሹክታ የሚሰማ ሴት ነበረች። ዕብራይስጧ ከሰላምታ አላለፈም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሥራህ ደህና ነው? አልተጣላህም?» መንግሥት የሚባል ነገር እንዳስፈራት ነው ያረጀችው።

የበጋው መግቢያ ከሆነው ከሻቩዖት በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ዓርብ ነው። ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ ውሎ ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ልጆቹ ወጥተው አልቀዋል። እኔ የክፍሎቹን መስኮት እየዘጋሁ ሳለ ወንድሜ ደወለ።

«ጋሼ» አለኝ። ከኋላው የሆስፒታል ድምፅ ሰማሁ፤ የጋሪ ጎማ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ስም።

«እማዬ ናት?»

«ጠዋት ወደቀች። ልቧ ነው ይላሉ። እዚህ አስተኝተዋታል። ዓይኗን ትገልጣለች፣ ታናግረኛለች። ግን ሐኪሙ... ቤተሰብ ካለ ይምጣ አለኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንደማደርግ አጣሁ። ወደ ኃላፊው ደወልኩ፤ አያነሳም። ዓርብ ነው፣ ዒሪያ ዝግ ነው፣ ሰውዬውም እንደ ማንኛውም ሰው ስልኩን አስቀምጦ ለሰንበት ሥጋ ሊገዛ ሄዷል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ የአረጋውያን ቤቱን የሰንበት ምግብ አስረክባ እስክትመጣ አመሻሽ ይሆናል። ያን ሰንበት ትልቋ ልጄ ከጦር ሰፈሯ አትወጣም። ትንሿ ገና ልጅ ናት፣ ግቢ ላስረክባት አልችልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አውቶቡስ ይቆማል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ቁልፎቹን እንደያዝኩ ወደ ዋናው በር ሄድኩ። ለምን ወደዚያ እንደሄድኩ አላውቅም። እዚያ ደርሼ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። መውጣት አልቻልኩም፣ ወደ ቤትም መመለስ አልቻልኩም። ለቅቄ ልሂድ፣ የመጣው ይምጣ፣ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ቤቱ ታየኝ፣ ባለቤቴ ታየችኝ፣ ልጆቼ ታዩኝ። ሜናሄሌቷ ቦርሳቸውን አንግተው፣ የመኪና ቁልፍ ይዘው ሲወጡ እንዲያ ሆኜ አገኙኝ።

«ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ፊትህ ግን እንዲያ አይልም።»

ነገርኳቸው። ዕብራይስጤ ሲጨንቀኝ ይጠፋኛል፤ «እናት» እና «ቤር ሸቫ» እና «ሆስፒታል» የሚሉት ቃላት ወጡ፣ የቀረውን በእጄ ጨረስኩት። እሳቸው ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ለምን እዚህ ቆመሃል?»

«ሰንበት ነው። ሰው የለም። ግቢውን ለቅቄ መሄድ አልችልም፣ ደንብ ነው።»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«በቤቱ ውስጥ ሰው መኖር አለበት ይላል።»

እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን ስጠኝ። እኔ ሰው ነኝ።»

የሰማሁት ነገር በደንብ አልገባኝም። «እርስዎ ሰንበት ቤትዎ ነው፣ ልጆችዎ ይመጣሉ» አልኳቸው። ያገቡ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በየሰንበቱ እሳቸው ዘንድ እንደሚሰበሰቡ መምህራኑ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

«ይምጡ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ይሮጡበታል። ድስቱን ይዤ እመጣለሁ።»

«ኃላፊው ቢሰማ...»

«ኃላፊውን ለእኔ ተወው። የትምህርት ቤቱ አለቃ ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው ፈቅጃለሁ። ሂድ፣ ሸሚዝ ቀይር።»

ሸሚዝ ቀይሬ ስወጣ አንድ አሮጌ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ የሚነዱት ሜናሄሌቷ ደውለው የጠሯቸው ባለቤታቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትምህርት ቤት በዓል ላይ አይቻቸዋለሁ። የአውቶቡስ ጣቢያው ድረስ የሚያደርሱኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ትልቁ አውራ ጎዳና ሲወጡና ጣቢያውን ሲያልፉት ግን፣ «አባባ፣ አለፍነው» አልኳቸው።

«ዓርብ አውቶቡስ አይታመንም» አሉኝ። «እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ነበርኩ የምነዳው።»

እስከ ቤር ሸቫ ያን ያህል መንገድ ወስደውኝ፣ ሰንበት ሳይገባ ደግሞ ያንኑ ያህል ሊመለሱ ነው። ምን ብዬ እንደማመሰግን አላወቅኩም። እሳቸውም እንዳመሰግን የፈለጉ አይመስሉም። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው ከፍተው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ከተሞቹ አልፈው ሜዳው ቢጫ ሲሆን፣ «እናትህ ስንት ልጅ ወለደች?» አሉኝ። «ስምንት። አራት ቀርተናል» አልኳቸው። «የእኔ ዐሥራ አንድ» አሉኝ። «እኔ የመጨረሻው ነኝ። ስትሞት ሃይፋ መሥመር ላይ ነበርኩ። ያኔ ተንቀሳቃሽ ስልክ የለም። የመጨረሻው ጣቢያ ደርሼ ተሳፋሪ ካወረድኩ በኋላ ነው የነገሩኝ።» እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዱኝ ከኋላ ወንበር የላስቲክ ከረጢት አውጥተው ሰጡኝ፤ ሜናሄሌቷ ከቤታቸው ያስያዟቸው የሰንበት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። «ሬፉዓ ሽሌማ» አሉኝ፣ ምሕረት ያውርድላት እንደማለት ነው። መኪናውን አዙረው ሄዱ።

እናቴ ትልቅ አልጋ ውስጥ ትንሽ ሆና ተኝታለች። የግድ ብላ ነጠላዋን ከአልጋ ልብሱ በላይ አስደርባለች። ወንድሜ «ጋሼ መጣ» ሲላት ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ። እጇን ያዝኩት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዓርብ። ሰንበት ሊገባ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ሥራህን ጥለህ መጣህ?» አለችኝ። እጇን ከእጄ ልታወጣ ሞከረች። «ማን ፈቀደልህ? ተመለስ፣ ልጄ። ያባርሩሃል። ተመለስ።»

ይህን ያለችው ለምን እንደሆነ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው። ወንድሜ ያኔ ሕፃን ነበር። አባቴ የታመመ ጊዜ እኔ በሌላ ወረዳ አስተምር ነበር። መልእክተኛው በደረሰ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ዳይሬክተሩ ወደ ወረዳ ላኩኝ፣ ወረዳው ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ነገ ና ተባልኩ። ፈቃዱን ይዤ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሮጬ ስደርስ፣ አባቴ ተቀብሮ ሰው ሁሉ ከመቃብር ተመልሶ ነበር። እናቴ በዚያ ቀን አላለቀሰችብኝም። «የመንግሥት ሰው ነህ፣ ምን ታደርግ» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲያ አውርተን አናውቅም።

«ፈቅደውልኛል» አልኳት። «አለቃዬ ናቸው የላኩኝ።»

«አለቃህ?»

«አዎ። እሳቸው በእኔ ቦታ ግቢውን እየጠበቁ ነው። አሁን ቤታችን ውስጥ ናቸው።»

«አለቃህ የአንተን በር ይጠብቃል?»

«ሴት ናቸው፣ እማዬ። ሜናሄሌቷ።»

«ሴት!» አለች፤ እንዲያ ደክማ ሳቀች። «ታዲያ ምን ይበላሉ? ቤት ውስጥ ነገር አለ?»

«ድስታቸውን ይዘው ነው የመጡት።»

«በሰው ቤት ድስት ይዞ...» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዓይኗ ውሃ ሞላ። እጄን ወደ ጉንጯ ወሰደችው። «ፈቀዱለት» አለች፣ ለእኔ አይመስለኝም። «ለልጄ ፈቀዱለት።»

ያን ሰንበት ከአልጋዋ አጠገብ ዋልኩ። ወንድሜ ቤቱ ሄዶ ልጆቹን ባርኮ፣ ሰንበት መኪና አይነዳምና በእግሩ ተመለሰ። እናቴ ስትነቃ ታወራለች። ስለ እርሻችን፣ ስለ ሞቱት ልጆቿ፣ እኔ ስወለድ ስለነበረው ዝናብ። ስትተኛ እኔ አያታለሁ። የሰንበት ዳቦውን ቆርሼ በወተት አርሼ አጎረስኳት፤ «የማነው ይሄ? ይጣፍጣል» አለች። ሐኪሞቹ የፈሩት በዚያ ሳምንት አልሆነም። እሑድ ጠዋት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ፣ «ሂድ አሁን፣ ሴትዮዋ ትረፍ» ብላ ራሷ ሸኘችኝ።

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ግን ስደርስ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። በሩን በእኔ ፈንታ የከፈቱት ሜናሄሌቷ ናቸው። ባለቤቴ ሁሉን አጫወተችኝ። ዓርብ ማታ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ የማታውቃቸው ሕፃናት ሲሯሯጡ፣ ሜናሄሌቷ ደግሞ በእሷ ሽርጥ ሰላጣ ሲከትፉ አገኘች። እኔ ደውዬ ስላላገኘኋት፣ መጀመሪያ ጥፋት ተገኝቶብን ቤቱን ሊያስለቅቁን የመጡ መስሏት ደንግጣ ነበር። ከዚያ ሁሉም አብረው በልተዋል። ሰንበት ጠዋት አረጋዊው ሹፌር በእግራቸው ምኩራብ ሄደው ተመልሰው ከጥዱ ሥር ተኝተዋል። ሜናሄሌቷና ባለቤታቸው ያደሩት በእኛ አልጋ ነው፤ ባለቤቴ እምቢ ቢሏትም አስገድዳ፣ እሷ ከትንሿ ልጃችን ጋር ተኛች። «ጎመኔን ሦስት ጊዜ ጨመሩ» አለችኝ በኩራት።

ይህ ነገር ተደብቆ እንዲቀር አልፈለግኩም። በዚያው ሳምንት ዒሪያ ሄጄ ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት፤ ግቢውን ያለ እሱ ፈቃድ ለቅቄ እንደሄድኩ፣ ማን እንደቆየልኝም ጭምር። ሜናሄሌቷ ቀድመው ደውለውለት ኖሯል። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ።

«ደንቡን ጥሰሃል ማለት ነው?» አለኝ።

«ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር» አልኩት።

«እሷም እንዲሁ ነው ያለችኝ» አለና ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። «እኔን አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸችብኝ። በሰንበት ተተኪ ካላገኘህለት ትምህርት ቤቱ ራሱ ያገኛል አለችኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትህ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ደንቡ ሳይሻር ሥርዓት ተበጀለት። ከመምህራኑና ከጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስማቸውን ለኃላፊው አስታወቁ። ቤተሰብ ይዘው መጥተው በየወሩ አንድ ሰንበት ቤታችን ያሳልፋሉ፣ እኛ ወደ ቤር ሸቫ እንሄዳለን። እኔ ሸክም እሆንባቸዋለሁ ብዬ ተሳቅቄ ነበር። የስፖርት መምህሩ ግን የራሱ አፓርታማ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ልጆቹ «ወደ አብ ባይት ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ እንደሚያስቸግሩት ነገረኝ። ለባለቤቴ የአጎት ልጅ ሠርግ ደረስኩ። ያን ያኮረፈኝን የአጎቴን ልጅም ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ተቃቅፈን አለቀስን።

እናቴ ከዚያ ወዲያ በጋውን ዘልቃ፣ በዓላቱን አልፋ፣ ክረምት ሲገባ ሞተች። በእነዚያ ወራት ከእሷ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ከዚያ በፊት በብዙ ዓመታት ካገኘሁት ይበልጣል። የሞተችው በሥራ ቀን ነው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠየቅኩም። ወንድሜ ቤት ሰባቱን ቀን ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ሜናሄሌቷ በየቀኑ ግቢው ውስጥ ማን እንደሚያድር ደልድለው ነበር፤ ኃላፊው ራሱ አንዱን ሌሊት እዚያ እንዳደረ በኋላ ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ ሚኒባስ ወንድሜ ደጅ ቆመ። ከትምህርት ቤቱ ነው። ሜናሄሌቷ፣ ባለቤታቸው፣ መምህራኑ። ሚኒባሱን የነዱት አረጋዊው ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሎቻችን ቀና ብለው አዩ። ሜናሄሌቷ እንደ እንግዳ በር ላይ አልቆሙም፤ ቀጥ ብለው ወደ ሴቶቹ ሄደው ከአክስቶቼ መካከል መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዷ አክስቴ፣ ዕብራይስጥ የማታውቅ፣ ባለቤቴን «እቺ ማናት?» አለቻት። ባለቤቴ፣ «ያቺ በሩን የጠበቀችው» አለቻት። አክስቴ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። በዚያች ዓርብ የሆነውን ነገር እናቴ ለሰው ሁሉ ተናግራው ኖሯል። ዞር ብላ የሜናሄሌቷን ሁለት እጆች ይዛ ሳመቻቸው፣ እሳቸውም የእሷን ሳሙ። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ነበር።

ያን ግቢ ውስጥ ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ ኖርን። ኋላ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ቤቱ ለመማሪያ ክፍል ተፈለገ፣ በግቢ የመኖር ደንቡም ለእኛ ትምህርት ቤት ቀረ። ነቬ ኢታማር በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን፣ እኔ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰዎች «ነፃ ወጣህ» ሲሉኝ እስቃለሁ። እኔ ስለዚያ ደንብ ሳስብ የተሰማኝን እስር እምብዛም አላስታውስም። እሱ ባይኖር ኖሮ እኒያ ሰዎች ለእኔ ምን ያህል እንደሆኑ በየት አውቅ ነበር?

ያኔ ከእናቴ ለቅሶ ተመልሼ በሩን የከፈትኩበት ጠዋት ዝናብ አቁሞ ግቢው እርጥብ ነበር። ልጆቹ ቦርሳ እያንገላቱ ገቡ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ከመስመር ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«እናትህ ሞተች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ትልቅ ነበረች?»

«በጣም።»

«ስንት ዓመቷ?»

«አናውቅም። በእኛ አገር ያኔ አይጻፍም ነበር።»

ቆማ አሰበች። «ስለዚህ መቶ ልትሆን ትችላለች» አለችኝ።

«ልትሆን ትችላለች።»

ዓይኗ በራ። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። «የአብ ባይት እናት መቶ ዓመት ኖራለች!» እያለች ስትጮህ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማኋት።